ያልነከሰኝ ጅብ

በዲክሲስ ዙሪያ "ምህረት የምትባል አስተማሪ ታውቃላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሰው አናውቃትም ይላችኋል። "ጅብ የነከሳት ቲቸር" ካላችሁ ግን እስከ ደጃፌ የሚያደርሳችሁ አታጡም። ይህ ስም ከወጣልኝ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አብዛኛውን ጊዜ "ተሳስታችኋል" ሳልል ኖሬበታለሁ። ጀግና ፈልጋችሁ የምታነቡ ከሆነ ከወዲሁ ይቅርታ፤ በዚህ ገጠመኝ ውስጥ ጀግና የለም።

የአሰላ ልጅ ነኝ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከዲክሲስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ሳይንስ አስተምር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው በተከራየኋት አንዲት ክፍል እቆያለሁ፤ ቅዳሜ በማለዳ አሰላ እናቴ ጋ እሄዳለሁ፤ እሁድ ማታ እመለሳለሁ። የመንደሩ ሰው "የአምስት ቀን ጎረቤት" እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ነው፤ እድሩም ስብሰባውም የሚሆነው እኔ በሌለሁበት ነው። ምላሴ ግን በአምስት ቀን የሰባት ቀን ሥራ ይሠራ ነበር።

ያን ዓመት ግንቦት ላይ ጅብ የትምህርት ቤታችንን አህያ በላው። ከወንዝ ውሃ የሚያመላልስልን አህያው ነበርና ከዚያ ወዲያ ጀሪካኑ እኛው ጀርባ ላይ ወጣ። እንግዲህ የእኔን ነገር እዩ። ክፍል ውስጥ "ጅብ ጥንብ በልቶ አካባቢን ያጸዳል፤ ከበሽታ ይጠብቀናል" ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከክፍል ስወጣ ያገኘሁትን አባወራ ሁሉ "ምን ትጠብቃላችሁ? እስኪጨርሰን ነው?" እያልኩ አፋጥጣለሁ። መሬታቸው ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ኦቦ ቱፋ፣ ስልሳውን ያለፉ ገበሬ ናቸው፣ አንድ ቀን ሳቁብኝ።

"ቲቸር፣ ልጆቹ መጽሐፉ ሌላ ይላል አሉን እኮ።"

"መጽሐፉ አህያ የለውም ኦቦ" አልኳቸው።

ይህች መልሴ በየቤቱ ተወራች። እኔም ኮራሁባት።

ነገሩ ሰሚ አገኘ። አንድ እሁድ ከእድር ስብሰባ በኋላ በኦቦ ቱፋ ማሳ ጫፍ፣ በጭድ ተሸፍኖ በጥንብ የሚያጠምድ የጅብ ጉድጓድ እንዲቆፈር ተወሰነ። በዚያ መንደር ጉድጓዱ ላይ ምልክት አይደረግም። "ወራቤሳ ምልክት ያውቃል" ይላሉ፤ ጅብን ነው። በምልክት ፈንታ ሰው እንዳይገባበት ቦታው በእድሩ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ በቃል ይነገራል። ሁሉም ሰማ። ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሁድ አሰላ ነበርኩ። በሳምንቱም የነገረኝ አልነበረም። ነገሩን የጀመረችው እሷ ናት፣ እሷ ሳታውቅ ማን ሊያውቅ ነው ብለው ነው።

ቅዳሜ መጣ። ሰኔ መግቢያ ነው፤ ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ከአምስት እርምጃ ወዲያ አይታይም። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የፈተና ወረቀት የያዘ ቦርሳዬን አንግቤ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁ። ሁልጊዜ እንደማደርገው በኦቦ ቱፋ ማሳ ጫፍ አቋረጥኩ። የጥንብ ሽታ መጣብኝ። "የማን ከብት ሞቶ ነው?" እያልኩ አፍንጫዬን ይዤ ፈጠን አልኩ። መሬቱ ከሥሬ ተንኮሻኮሸና ከዳኝ።

ምን ያህል እንደወደቅኩ የተረዳሁት መሬት ላይ ካረፍኩ በኋላ ነው። ጭድ፣ ቅርንጫፍና አፈር ላዬ ላይ ወረደ። ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በታች አንድ ነገር ቀደደኝ። ዳብሼ ሳየው አብሮኝ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ጫፉ በመጥረቢያ ሾሏል። ሱሪዬን ቀድዶ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። ጥርሴን ነክሼ ነቀልኩት፤ ደሙ ጫማዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል።

ጉድጓዱ ረዘም ያለ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ጥልቀቱ ሁለት ቁመት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ቀና ስል የሚገርም ነገር አየሁ። በእኔ በኩል ያለው ክዳን የተሰበረው እኔ ስወድቅ ነው፤ መሀሉ ላይ ገና ቅርንጫፍና ጭድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በሌላኛው ጫፍ ሌላ ቀዳዳ ተከፍቷል። እሱን የከፈትኩት እኔ አይደለሁም። ይህን እያሰብኩ ሳለ ከዚያ ጥግ ሲተነፍስ ሰማሁት።

መጀመሪያ ዐይኖቹን ነው ያየሁት። ቀጥሎ ክብ ጆሮዎቹን፣ ቀጥሎ ያን ወፍራም አንገት። ጮኼ ቢሆን እነግራችሁ ነበር፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀና ድምፅ እምቢ አለኝ። ጀርባዬን ከግድግዳው ጋር አጣብቄ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቁጭ አልኩ። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ፈተና ነበር ጋሻዬ።

ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም። ሲቆይ ድምፄ ተመለሰና "ኡ! ኡ!" ማለት ጀመርኩ። ጭጋጉ ድምፄን እዚያው ከጉድጓዱ አፍ ላይ በላው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ በታችኛው መንገድ ወደ ዲክሲስ ይወርዳል። ማንም እንደማይሰማኝ ገባኝ። ግድግዳውን በጥፍሬ ይዤ ልወጣ ሞከርኩ። የራሰ አፈር ነው፤ እየተናደ እኔኑ ይዞኝ ወረደ። በሦስተኛው ሙከራ አንድ ትልቅ ጓል ተንከባልሎ ወደ እሱ ሄደ። ተነሣ። ጥርሱን አሳየኝ። "አልደግመውም፣ አልደግመውም" አልኩት፤ በእርግጥም አልደገምኩም።

ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ነገር ልናገር እንደሚገባኝ ተሰማኝ። ዝም ስል ፍርሃቱ ሊያፍነኝ ነው። የጅብ ሴትና ወንድ በዐይን እንደማይለይ ራሴ ነኝ ያስተማርኩት፤ ስለዚህ እንደ አገሬ ሰው "አያ ጅቦ" አልኩት።

"አያ ጅቦ፣ እኔ ቀጭን ነኝ። ከአህያችን ጋር አታወዳድረኝ።"

ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይሰማል።

"እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። አንተም የሆነ ቦታ የሚጠብቅህ አይጠፋም። እንዳትነካኝ፤ አልነካህም።" ይህን ስል አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ስወድቅ ከእጄ ተስፈንጥሮ እሱ ጥግ ነው ያረፈው፤ ከእግሩ ሥር። የስልኬ ጥሪ መዝሙር ነው፤ እናቴ ራሷ ያስጫነችልኝ። ያ መዝሙር በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲያስተጋባ አበቃልኝ አልኩ፤ ደንግጦ ላዬ ላይ ይወጣል ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጅቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጭራውን በእግሮቹ መሀል ወሽቆ፣ ፊቱን ወደ ጥጉ አዙሮ ይንቀጠቀጣል። ሽንቱ በእግሮቹ ሲወርድ አየሁ። እናቴ አራት ጊዜ ደወለች። አራቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ፤ ጅቡም ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰ።

በዚያች ሰዓት ያልጠበቅኩት ነገር ተሰማኝ። አዘንኩለት። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ግን አዘንኩለት።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጭጋጉ ሳሳ ሲል ብርሃን በእኔ በኩል ባለው ቀዳዳ ገባ። ጅቡ ብርሃኑን አየና ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ እግሬ ጋ ደረሰ፤ ደሙን አሸተተ። የትንፋሹ ሙቀት በተቀደደው ሱሪዬ ገባ። "አባታችን ሆይ" ብዬ ጀምሬ "በሰማያት" የሚለው ጠፋብኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በላዬ ዘለለ፤ እኔን ሊይዝ ሳይሆን በላዬ አልፎ፣ ወደ ብርሃኑ። ጥፍሩ ግድግዳውን ቧጥጦ፣ አፈሩ ተናዶ ወደቀ፤ ጎኑ ትከሻዬን ገፍቶኝ አለፈ። እንደገና ሞከረ። እንደገና ወደቀ። ልክ እኔ እንዳደረግኩት በሦስተኛው ተወውና እያነከሰ ወደ ጥጉ ተመለሰ። ሊወጣ ነበር የፈለገው። እኔን ሊበላ ከፈለገ ማን ይከለክለው ነበር?

"ከወጣሁ አስወጣሃለሁ" አልኩት። በአፌ ነው ያልኩት፤ አሁንም ድምፄ ይሰማኛል።

አምስት ሰዓት አካባቢ ከላይ ኮቴ ሰማሁና በቀረችኝ ድምፅ ጮኽኩ።

"ማነው?" የኦቦ ቱፋ ድምፅ ነው፤ ወጥመዳቸውን ሊያዩ መጥተው ነው።

"እኔ ነኝ ኦቦ! ምህረት!"

"ቲቸር? ያ ረቢ! እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ወድቄ ነዋ!"

"ብቻሽን ነሽ?"

"አይደለሁም።"

ፊታቸው በቀዳዳው ብቅ አለ። ጅቡን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዳትንቀሳቀሺ ልጄ። ዐይን ዐይኑን እንዳታዪው።"

"ከጧት ጀምሮ ሳየው ነው የዋልኩት። ምንም አላደረገኝም። ኦቦ፣ ይስሙኝ፤ እኔን ካወጣችሁኝ በኋላ አንድ ግንድ አጋድሙለት። ራሱ ይወጣል።"

"እሺ፣ እሺ፤ አንቺ ብቻ ውጪ።" ይህን ብለው ሰው ሊጠሩ ሮጡ።

ሰው መጣ። ያውም ከገበያ መንገድ ተመልሶ፣ ጭነቱን ጥሎ፣ ጦርና ዱላ ይዞ። መጫኛ አወረዱልኝ፤ ወገቤ ላይ አሰርኩት፤ "ሳቡ!" አልኩ። እየተሳብኩ ቁልቁል ሳይ ጅቡ ራሱን ቀና አድርጎ ይከተለኛል፤ ከቦታው ግን አልተነሣም።

መሬት ላይ ሲያስቀምጡኝ አንዲት ሴት እግሬን አየችና ጮኸች። "ነክሷታል! ወይኔ፣ ነክሷታል!" ነጠላዋን ቀድዳ እግሬን አሰረችልኝ። አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳሙኝ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ወንዶቹ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። አፌን ከፈትኩ። "እንጨት ነው" የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ያን ሁሉ ሰው አየሁት። ለእኔ ብለው ገበያቸውን የተዉ፣ ለእኔ ብለው የሚያለቅሱ። "ለእንጨት ነው ያለቀሳችሁት" ልበላቸው? "ነገ እነግራቸዋለሁ" ብዬ አፌን ዘጋሁ።

በዚያ አገር ጅብ ጉድጓድ ሲገባ የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚወረውር ጉዳት የደረሰበት ሰው ነው። ኦቦ ቱፋ ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አንሥተው መጡ።

"ደሙ ያንቺ ነው" አሉኝ። ድንጋዩን እጄ ላይ አኑረው ዐይን ዐይኔን እያዩ ቆሙ። ቶሎም አልሄዱም።

ተነሣሁ። እያነከስኩ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄድኩ። ጅቡ አየኝ። የሚያውቀውን ሰው ያየ መሰለኝ፣ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ወረወርኩት።

አልመታሁትም፤ አጠገቡ ወደቀ። ከእኔ በኋላ የተወረወረው ሁሉ ግን መታው። ቶሎ አልሞተም። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

"ነገ" ያልኩት ነገ አልመጣም። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ባለሙያው "የት ጋ ነው የነከሰሽ?" ሲለኝ ከበሩ ላይ አሥር ሰው ቆሞ ይሰማል። "እግሬን" አልኩ። ላልተነከስኩት ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ በተከታታይ ተወጋሁ፤ ክንዴ ሲያብጥ ይበልሽ እያልኩ። አሰላ ስደርስ እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን ምስክርነት አስያዘችልኝ። መድረክ ላይ ቆሜ "እግዚአብሔር የጅቡን አፍ ዘጋልኝ" አልኩ፤ ይህ እውነት ነበር። እናቴ ከታች "እግርሽን አሳዪ፣ እግርሽን!" አለችኝ። አሳየሁ። ጉባኤው "ሃሌሉያ!" ሲል የፋሻውን ነጭነት እያየሁ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ተመኘሁ። ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቼ የገባሁበት ይኸኛው መውጫ አልነበረውም፤ በየቀኑ የሚቆፍረው ደግሞ የራሴ ዝምታ ነው።

ወሬው ከእኔ ፈጥኖ ሄደ። በዓመቱ "አስተማሪዋን እንኳ ነክሷት የለ" እየተባለ በአጎራባች ቀበሌዎች ጉድጓድ ተቆፈረ። ጅብ እየጠፋ ሄደ። የሞተ ከብት ከመንደር ዳር ሲበሰብስ የሚያነሣው ጠፋ፤ ውሻ በመንጋ ይዞር ጀመር። እኔ ያንኑ ትምህርት፣ ያንኑ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡና እግሬን ያያሉ።

ባለፈው የካቲት ኦቦ ቱፋ ወደ ቤቴ መጡ። ጠባያቸው አይደለም፤ ቆመው ነው የተናገሩት።

"ከወንዙ ማዶ ያሉት ጉድጓድ ሊቆፍሩ ነው። ጉልበት የሚያዋጣ ሰው አንሷቸዋል። አንቺ መጥተሽ እግርሽን ብታሳዪ ሰው ይወጣል ብለው ላኩኝ።"

"አልሄድም" አልኩ።

"ለምን?"

"አልነከሰኝም ኦቦ። እንጨት ነው።" እንዲህ ቀላል ነበር፤ ለሁለት ዓመት ያህል የተሸከምኩት።

ኦቦ ቱፋ አልደነገጡም። ቁጭ አሉ። "አውቃለሁ" አሉኝ። "ጉድጓዱን ስደፍን የእንጨቱን ደም አይቼዋለሁ። ደግሞስ ከታች ሆነሽ ራስሽ ነግረሽኝ የለ?"

ተናደድኩባቸው። በራሴ መናደድ ስላቃተኝ ይሆናል። "እያወቁ ነው እንግዲህ ድንጋዩን የሰጡኝ?"

"እንድትመልሺልኝ ነው የሰጠሁሽ" አሉ። "ቆሜ ጠበቅኩሽ እኮ። ስትወረውሪው ግን በሰው ፊት ላሳፍርሽ? አንቺ እንግዳችን ነሽ።"

ያን ሁሉ ጊዜ እኔ እሳቸውን እፈራለሁ፣ እሳቸው ለእኔ ያፍሩልኛል፤ መሀል ላይ የተወገረው ጅቡ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ጅብን ውደዱት አልላችሁም። ጅብ ሰው በልቶ ያውቃል፤ ልጅ ያጣ ቤት አለ፤ ለዚያ ቤት ሰው ይህን ታሪክ ማውራት አልደፍርም። ከብታችሁን በጠንካራ በረት አሳድሩ፣ ሲመሽ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የሞተ ከብት ከቤታችሁ አርቁ። እኔ የምላችሁ ያላደረገውን አደረገ አትበሉበት ነው። የሰው ስም ሲጠፋ ቢያንስ ሰውየው መጥቶ ይሟገታል። እሱ ያላት አንዲት ምስክር እኔ ነበርኩ።

በሳምንቱ እውነቱን ልነግራቸው ወስኜ ከኦቦ ቱፋ ጋር ወንዙን ተሻገርን። ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። "እኔ ልንገርልሽ?" አሉኝ ኦቦ ቱፋ በጆሮዬ። "አይሆንም፣ እኔው ነኝ" አልኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳውን አሳየሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ስልኩ ስነግራቸው ሳቁ። ስለ ዝላዩ ስነግራቸው ሳቁ ቀረ።

ከኋላ የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ ሙሉውን የሰሙ፣ በዶማቸው እጀታ ላይ ተደግፈው ጠየቁኝ።

"ታዲያ ምንም ካላደረገሽ ለምን ወገርሽው ልጄ?"

አስቤ የሄድኩትን መልስ ሁሉ ትቼ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ሰዉ ሁሉ ያየኝ ስለነበር ነው እናቴ።"

አሮጊቷ ዶማቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።